በጫማዬ ያጠፋኋት ምልክት

ሚያዝያ 2፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ሜዳው ተሸፍኗል፣ ስለዚህ ደረጃ ላይ ሩጫ። ደረጃ መውጣት ከቴኒስ ጋር ምን አገናኘው? ጊስላንን ጠየቅኩት፣ ዋና አሰልጣኛችንን።

"ለሳንባሽ ነው" አለኝ።

"ሳንባዬማ ደህና ነው። ስጮህ አልሰማኸኝም?"

ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ዋና አሰልጣኝ ሲያደርጓቸው ሁለተኛ ላይስቁ ያስፈርሟቸዋል መሰለኝ።

ምሳ ምስር። ትናንትም ምስር ነበር።

ከሰዓት ከኦርታንስ ጋር። የቴኒስ ማሠልጠኛ ማዕከላችን የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፣ በጋም ክረምትም ሻርፕ አታወልቅም። "ቁጣሽ ከየት ነው የሚመጣው ማይሊስ?" አለችኝ። "ከቤት ነው ይዤው የመጣሁት፣ ሻንጣ ውስጥ" አልኳት። ጻፈችው! ቀልዴን ሁሉ ትጽፋለች። ከዚያ አዲስ ዘዴ ሰጠችኝ። አንድ ነጥብ ባለቀ ቁጥር ፊት ለፊቴ ያለውን የሜዳውን ቀይ አፈር በጫማዬ ጠረግ ማድረግ። ያለፈውን መጥረግ ማለት ነው አሉ። ጠርጎ፣ ተንፍሶ፣ መቀጠል።

"እንደ ድመት?" አልኳት። "ድመት ከጨረሰች በኋላ እንደምታደርገው?"

"እንደ ድመት" አለችኝ፣ ኮስተር ብላ።

እሺ። ምን አማራጭ አለኝ? ጊስላን ነግሮኛል፦ አንዲት ራኬት ብሰብር፣ አንድ ሰው ብሰድብ፣ ማዕከሉን ለቅቄ ወደ ቤቴ። ትምህርቴን በአሥራ ስድስት ዓመቴ የጣልኩት ለዚህ ነው። ከዚህ ካስወጡኝ ምንድነኝ? ኳስ መምታት የምትችል ሥራ ፈት።

ሚያዝያ 9፣ ማክሰኞ

ጠረግ፣ ተንፈስ። ጠረግ፣ ተንፈስ። አንድ ሳምንት ሙሉ አልጮህኩም። ዛሬ በልምምድ ጨዋታ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ተሸነፍኩ። ጥርሷ ላይ ብረት ያላት ልጅ!

ጊስላን መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። "ጎበዝ፣ በጣም ተሻሽለሻል" አለኝ።

ተሸንፌ እኮ ነው። ሁሉም ለምን ደስ አላቸው?

ሚያዝያ 20፣ ቅዳሜ

ነገ ወደ ዋናው ውድድር የሚያስገባ ማጣሪያ አለኝ። የደረሰችኝ ቤራንዤር ላኮምብ ናት። ያቺ ቤራንዤር! በአሥር ዓመቴ በቴሌቪዥን አይቻታለሁ፣ በዓለም አርባ ስንተኛ ነበረች። አሁን ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። እዚህ እኛ ጋ ማጣሪያ ላይ ምን ትሠራለች? ሰው እንዲህ ወርዶ ወርዶ... ለምን አያቆምም?

ሚያዝያ 21፣ እሑድ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

የጨዋታው ሦስተኛና የመጨረሻ ክፍል፣ አምስት ለአራት እየመራሁ። አንድ ነጥብ ቀርታኛለች። አንድ! ማጣሪያ ላይ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ዳኛ የለም፣ በየራሳችን በኩል ያረፈችውን ኳስ የምንፈርደው ራሳችን ነን። ረጅም ኳስ መታችልኝ። ወጣች። በዓይኔ በብረቱ አየኋት፣ ከመስመሩ አልፋ አፈሩ ላይ ምልክቷን ጥላ ሄደች። ጣቴን አንስቼ "ወጣች!" አልኩ። አለቀ። አሸነፍኩ!

ከዚያ እግሬ...

የገዛ እግሬ፣ ነጥብ አለቀ ሲባል እንደሠለጠነው፣ ጠረግ። ተነፈስኩ። ቀና ስል ቤራንዤር መረቡ ጋ ቆማለች።

"ምልክቱን አሳዪኝ" አለችኝ።

"እ?"

"ምልክቱን። ልየው።"

ዞር ብዬ አየሁ። አፈሩ ልስልስ ብሏል፣ እንደ ሕፃን ቂጥ።

ሕጉን አላውቀውም እንዳልል በስምንት ዓመቴ ነው የተማርኩት። ቀይ አፈር ላይ በራሷ በኩል ያለውን ምልክት ያጠፋች ፍርዷን ለቀቀች ማለት ነው፣ ነጥቡ የሌላኛዋ ነው። እዚህ አገር ራኬት የያዘ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እንደዚህ ዓይነት ስህተት ማንም አይሠራም፣ ተረጋጊ ተብላ የሠለጠነች ካልሆነች በቀር!

ተዘዋዋሪው ዳኛ መጣ። "ማነው ያጠፋው?" አለ።

"እኔ... ማለት እግሬ ነው! ግን ወጥታ ነበር!"

"እግርሽና አንቺ አንድ ቡድን ናችሁ ወይዘሪት" አለኝ። ነጥቡ ለእሷ።

ሰባት ለአምስት ተሸነፍኩ። እጅ ስንጨባበጥ "ይቅናሽ" አለችኝ። ይቅናሽ! ራኬቴን ወረወርኳት። አጥሩን ተሻግራ በረረች... ዓመቱን ሙሉ እንዲህ የተዋጣለት ምት መትቼ አላውቅም። ከዚያ ሁሉ መኪና የማዕከሉን ሚኒባስ መርጣ የፊት መስታወቱ ላይ አረፈች። ጊስላን ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳንድዊች እየበላ ነበር።

በመረጋጋቴ ተሸነፍኩ። በመናደዴ ታገድኩ። የቱ ነው ትክክሉ? የሚያውቅ ሰው ካለ ያስረዳኝ።

ሚያዝያ 23፣ ማክሰኞ

ኔራክ። ቤቴ። እስከ ሰኔ ታግጄ እዚህ ነኝ። ከዚያ ሄጄ በቡድኑ ፊት እናገራለሁ፣ እነሱ ይወስናሉ።

እማዬ ናት መጥታ የወሰደችኝ። ኔራክ ልንገባ ስንል ጠየቀችኝ፣

"መስታወቱ... ሙሉ በሙሉ ነው የረገፈው?"

"ሙሉ በሙሉ።"

ከንፈሯን ነከሰች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላወቅኩም።

እማዬ የትምህርት ቤት አውቶብስ ነው የምትነዳው። የድሮ ክፍሌን ልጆች በየጠዋቱ ታደርሳለች። ልጇ ብቻ የለችበትም። እሷ ይህን አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ባነሳችብኝና ብንጣላ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 5፣ እሑድ

ተኝቼ ሰነበትኩ። ዛሬ ኖርበር ቤት ድረስ መጣ። የድሮ ክለቤ ፕሬዚዳንት ነው። ፕሬዚዳንት ስል ሜዳውን የሚያጠጣው እሱ፣ ሽንት ቤቱን የሚያጥበው እሱ፣ እንግዳ ቡድን ሲመጣ ዳክዬ የሚጠብሰውም እሱ።

"ቡዱ! ጉድ ነው! ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የገረጣሽው? የሚቀጥለው እሑድ የክለቦች ግጥሚያ አለን፣ ትጫወቺያለሽ" አለኝ።

"ታግጃለሁ እኮ ፕሬዚዳንቴ።"

"የታገድሽው ከዚያ ነው። እኛ ምን አደረግንሽ? ለማንኛውም በጥንድ የምትጫወትልሽ ጎበዝ ሰው አግኝቻለሁ። እዚህ አጠገባችን የላቫርዳክ መንደር ልጅ ናት፣ እናቷ ጋ ተመልሳ መጥታለች።"

"ማናት?"

"ቤራንዤር።"

በሩን ዘጋሁበት። ፊቱ ላይ። በመስኮት በኩል ዞሮ መጣ።

"አትጫወቺ፣ ማን ለመነሽ። ግን ዳክዬውን የሚገለብጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ ወገቤን አሞኛል።"

ዳክዬ ለመገልበጥ ብቻ እሺ አልኩ። ዳክዬ ብቻ!

ግንቦት 12፣ እሑድ

ተጫወትኩ። ለዳክዬ ሄጄ ሁለት ጨዋታ ተጫወትኩ። ያ ሽማግሌ ወገቡን እንዳላመመው አሁን አሁን እየገባኝ ነው።

የነጠላውን አሸነፍኩ። ከሰዓት ከማርማንድ ክለብ ጋር ሁለት ለሁለት ሆንን፣ የቀረው የጥንድ ብቻ። ከእሷ ጋር። ጎኗ ቆሜ! አንዴም ላላያት ምዬ ነበር የገባሁት። ጠረግ፣ ተንፈስ፣ ጠረግ... ሦስት ለባዶ ተመራን።

ቤራንዤር አፏን በኳሷ ጋርዳ መጣች፣ ሌሎቹ ከንፈሯን እንዳያነቡ።

"አፈር ቆፍረሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ፣ ድንች እንዘራለን።"

"አትናገሪኝ።"

"አልናገርም። ግን ሬሳ ጎኔ አቁመው ተጫወቺ ሲሉኝ ደስ አይለኝም። ያቺ ሚኒባስ የሰበረችው ልጅ የት ሄደች?"

"አንቺ ነሽ ያሰበርሽኝ!"

"በቃ ኳሷ እኔን መስላሽ ምቺያታ!"

ቀጣዩን ኳስ ሌላ ነገር አስቤ አልመታሁትም። የእሷን ፊት አስቤ ነው። መረቡ ጋ የቆመችው የማርማንድ ልጅ ራኬቷ ከእጇ ወጣ። ቤራንዤር ሳቀች። ከዚያ በኋላ እኔ እጮሃለሁ፣ እሷ ትሰድበኛለች፣ ኳሱ ሁሉ ይገባል። አሸነፍን። ተቃቀፍን! ወዲያው ማንን እንዳቀፍኩ ትዝ ብሎኝ ለቀቅኳት።

ማምለጥ አልቻልኩም። ልማድ ነው፣ ግጥሚያ ካለቀ በኋላ አሸናፊም ተሸናፊም አንድ ጠረጴዛ ይቀመጣል፣ አይብ ሳይቀርብ የተነሳ ሰው ቡድኑን አዋረደ። ኖርበር የወይን ቅርንጫፍ አንድዶ ዳክዬውን ጠበሰ (ራሱ ገለበጠው፣ ወገቡ ድኗል)። የቀረው ወንበር ከእሷ ጎን ነበር።

ቀጥታ ጠየቅኳት። "ወጥታ ነበር አይደል?"

ዳቦዋን እየቆረሰች፣ "በደንብ" አለች።

"አይተሻታል?"

"አይቻታለሁ።"

"እና?"

"አጠፋሻት። ሕግ ነው።"

"ሕግ መሆኑን አውቃለሁ! እውነቱን ታውቂ ነበር ነው የምልሽ!"

የማርማንድ ልጆች ሹካቸውን ያዙ እንጂ አልጎረሱም። ኖርበር "አይብ!" ብሎ ሮጠ።

እሷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "በዓለም ከስምንት መቶኛ ደረጃ በታች ላለች ለአንዲት ተማሪ ብሸነፍ በማግስቱ ላቆም ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ያቺ ኳስ ስትወጣ የቴኒስ ዕድሜዬ አብሮ ሲወጣ አየሁት። ከዚያ እግርሽን አየሁ። ፈርቼ ነው የወሰድኳት፣ በቃ።"

"እኔ ተማሪ አይደለሁም" አልኳት።

"በማግስቱ ስንት ለስንት እንደተሸነፍኩ ታውቂያለሽ? ስድስት ለባዶ፣ ስድስት ለአንድ።"

ሳቅኩ። ማቆም አቃተኝ። እሷም። እየሳቅኩ ደግሞ ልጠላት እየሞከርኩ ነበር... ይቻላል? ሁለቱን አንድ ላይ?

ግንቦት 13፣ ሰኞ

ይቅርታ አልጠየቀችኝም እኮ። አሁን ነው ያስተዋልኩት። ያን ሁሉ አውርታ "ይቅርታ" የምትለዋን አላለችም። እኔስ ብሆን ምን አደርግ ነበር? እወስዳት ነበር። አልወስድም። እወስዳት ነበር። አላውቅም።

ግንቦት 26፣ እሑድ

ሦስት እሑድ፣ ሦስት የጥንድ ግጥሚያ፣ ሁሉንም አሸነፍን። ዛሬ ጫማችንን እያራገፍን ሳለ፣

"ሐምሌ ላይ የመጨረሻ ውድድሮቼን እጫወታለሁ። ከዚያ አበቃሁ፣ የእውነት። ጥንድ የምትሆነኝ የለችም። ትመጫለሽ?" አለችኝ።

"ሐምሌ ማዕከሉ ካምፕ አለው። ከመለሱኝ ካምፑ ላይ መገኘት አለብኝ።"

"ከመለሱሽ" አለች። "እነሱ መጓጓዣ አላቸው፣ መኝታ፣ ሐኪም፣ ምስር። እኔ አሮጌ ፔዦና የሚያም ጉልበት ነው ያለኝ። አስቢበት።"

ለእማዬ ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር። "ሴትዮዋ ቀምታሽ የለ እንዴ?" አለች።

"ቀምታኛለች።"

"ታዲያ ከእሷ ጋር ለመሄድ ታስቢያለሽ?"

"አላውቅም እማዬ። ከማዕከሉ ጋር ሳለሁ ሁሉ ነገር ደህና ነው፣ እኔ ብቻ ነኝ የሌለሁት። ከእሷ ጋር ሁሉ ነገር የተበላሸ ነው፣ ግን..."

"ግን?"

"አላውቅም አልኩሽ!"

እማዬ ቢላዋውን አስቀመጠች። "እኔም አላውቅም የኔ ልጅ። እንደማላውቅ አውቀሽ ጠይቂኝ እንጂ አትጩሂብኝ።"

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ማዕከሉ። ልጆቹ መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ያቺ ጥርሷ ላይ ብረት ያላትም አለች። ተናገርኩ። መስታወቱን ስለመስበሬ አዝናለሁ፣ ጊስላን ሳንድዊቹ ውስጥ ስባሪ ስለገባበት አዝናለሁ። እውነቴን ነው። ልጆቹ ሳቁ፣ ጊስላንም ሳቀ! ጥርሱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

"መልሰንሻል" አለኝ። "ከኦርታንስ ጋር በሳምንት ሁለት ቀን፣ ካምፕ ሐምሌ አንድ። እንኳን ደህና መጣሽ።"

አልጠበቅኩም ነበር። ያባርሩኛል ብዬ ነው የሄድኩት። ቢያባርሩኝ እኮ ቀላል ነበር! ሌላ ሰው ወሰነልኝ፣ እኔ ተናድጄ እወጣለሁ፣ አለቀ። አሁን በሩን ከፈቱልኝና ራሴ ልወስን ነው?

"ሐምሌን ከቤራንዤር ላኮምብ ጋር ብጫወትና ነሐሴ ብመጣስ?" አልኩት።

"ቤራንዤር? እሷ እኮ አልቆላታል ማይሊስ። ካለቀለት ሰው ምን ትማሪያለሽ?" ክፉ ሆኖ አይደለም የተናገረው። እንደ ሒሳብ ነው የተናገረው።

ደሜ እስኪፈላ ጠበቅኩ። አልፈላም። ተነስቼ እጁን ጨበጥኩትና "አመሰግናለሁ፣ እንደዚያ ከሆነ አልመለስም" አልኩት። ድምፄ ዝቅ ያለ ነበር። የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

እማዬ መኪና ውስጥ እየጠበቀችኝ ነበር። ነገርኳት። መኪናውን አላስነሳችም። "ቀበቶሽን እሰሪ" አለች በመጨረሻ።

ምን አድርጌያለሁ?

ሐምሌ 8፣ ሰኞ

ብሬታኝ፣ ባሕሩ አጠገብ። ነፋሱ ኳስ ይሰርቃል። የመጨረሻዋን ማጣሪያ ተሸነፍኩ፣ በሁለት ነጥብ። ጮህኩ፣ ራኬቴን አልወረወርኩም፣ ለምን እንዳልወረወርኩ አላወቅኩም። ይቺ ውድድር ትንሽ ስለሆነች ቤራንዤር ያለማጣሪያ ነው የገባችው። ረቡዕ ትጫወታለች።

"ሂጂና ቢሮ ተመዝገቢ" አለችኝ። "ከማጣሪያ ተሸናፊዎች ተራው ያንቺ ነው። ከዋናው አንዷ ብትቀር ቦታዋን የምትወስጂው አንቺ ነሽ።"

"ማን ይቀራል? ሁሉም ደህና ናቸው።"

"ተመዝገቢ አልኩሽ። ደግሞ ረቡዕ ጠዋት ጫማሽን አድርገሽ እዚያ ሁኚ። ከሌለሽ ለቀጣይዋ ነው የሚሰጡት።"

ተመዘገብኩ። የሞኝ ሥራ።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

የጥንዱን ተሸነፍን። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጫውተን። መጨረሻው ላይ ቤራንዤር ታነክስ ነበር፣ ግራ እግሯን። ሲያልቅ ሰው አጨበጨበላት፣ ጋዜጠኛ የለ፣ አበባ የለ፣ አንድ አሥራ አምስት የሚሆን ሰውና አንድ ውሻ። እሷ እጇን አውለበለበች፣ ለውሻውም። አልቅሳ ይሆናል ብዬ ዞር ስል ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

"አንቺ ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "ነገ ነጠላ አለብኝ እኮ፣ ገና አልሞትኩም።"

ሐምሌ 10፣ ረቡዕ

አራት ሰዓት ላይ መጫወት ነበረባት። ሦስት ተኩል ሲሆን ከልብስ መቀየሪያው እያነከሰች ወጣች። ቀጥታ ወደ ዳኛዋ ቢሮ። እኔ በር ላይ ነበርኩ፣ ሁሉንም ሰማሁ። ጉልበቷን አሟታል፣ አትጫወትም፣ ይቅርታ። ዳኛዋ ስሟ ላይ ሰረዝ አደረገችና ቀና ብላ "ካስታን አለች?" አለች።

ካስታን እኔ ነኝ።

ቤራንዤርን ኮሪደሩ ላይ ያዝኳት። "ምጽዋት አልፈልግም!"

"ምን ምጽዋት? ጉልበቴ ነው።"

"ለሚያዝያዋ ኳስ ብለሽ ከሆነ..."

"አንቺ ልጅ፣ የሕይወቴን የመጨረሻ ጨዋታ ላንዲት ኳስ ብዬ የምሰጥ ይመስልሻል? ያን ያህል ደግ ሰው እመስላለሁ?" አትመስልም። እውነቷን ነው፣ አትመስልም። "ሂጂ፣ ገና ሰውነትሽን አላሟሟቅሽም። ሜዳ አራት።"

ገባሁ። የገጠመችኝ የቼክ ልጅ ናት፣ ረጅም፣ የመክፈቻ ምቷ ሲዘጋ እንደሚላተም በር የሚጮህ። ሁለት ሰዓት ከሩብ። በዋና ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታዬ። አሸነፍኩ። እንዴት እንደሆነ ነገ እጽፈዋለሁ፣ አሁን ደክሞኛል።

ቤራንዤር አጥሩ ላይ ተደግፋ ቼሪ እየበላች ፍሬውን ትተፋ ነበር፣ እስከ መጨረሻው። ሳሸንፍ አላጨበጨበችም። ፔዦውን ልታመጣ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደች። እኔ ፎጣ አንገቴ ላይ አድርጌ ከኋላዋ እያየኋት ነበር።

ታነክሳለች። ግን ቀኝ እግሯን። ትናንት ግራውን ነበር።

ልጠራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት።

ነገ ሁለተኛ ዙር።